የዓይን ሐኪሙን ዓይን ማን ይጠብቀው?

የአገራችን ሰው እጅግ የሚወደውን «የዓይኔ ብሌን» ብሎ ይጠራል። አደራ የሚሰጥም ሰው ነገሩ በብርቱ እንዲጠበቅለት ሲፈልግ «እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅልኝ» ብሎ ያስረክባል። ከአካል ክፍሎች ሁሉ ዓይንን መርጦ የፍቅርና የአደራ ምሳሌ ያደረገ ሕዝብ፣ ዓይኑን የሚያክሙለትን ሰዎች ማን እንደሚጠብቃቸው ግን እምብዛም ሲጠይቅ አይሰማም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ጥያቄ ነው። የምጽፈውም በተለይ ነገ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊ ለሚሆኑት ተማሪዎች፣ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ለሚያዘጋጁትና ግዥ ለሚፈቅዱት ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ነው።

ሐሳቡን ያስነሣብኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በጣና ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ባልቴት በልጃቸው እየተመሩ ገቡ። የዓይናቸው ቆብ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን ይወጋቸዋል። ከአንገታቸው ማተብ ላይ ወረንጦ ተንጠልጥሏል፤ ፀጉሩ በበቀለ ቁጥር የሚነቅሉበት ነው። ለዓይን ሥራ የሠለጠነው ወጣት ነርስ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸውና ባትሪውን አብርቶ፣ ፊቱን ወደ ፊታቸው አስጠግቶ፣ ቆቡን ገልበጥ አድርጎ ማየት ጀመረ። በሁለቱ መካከል የነበረው ርቀት ከአንድ ስንዝር ብዙ አይበልጥም ነበር። በዚህ ጊዜ ባልቴቲቱን ሳል አፈናቸውና ፊቱ ላይ ሳሉበት።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ የሐይቁ ብርድ ነው፤ ጉንፋን ይዞኝ ሰንብቷል» አሉት።

«ምንም አይደል እማማ» ብሎ ፊቱን በጋዋኑ እጅጌ ጠረግ አደረገና ሥራውን ቀጠለ።

ባልቴቲቱ ከወጡ በኋላ ጠጋ ብዬ፣ አፉንና አፍንጫውን የሚሸፍንበት ማስክ፣ ዓይኑንም የሚከልልበት መነጽር የለው እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ፈገግ ብሎ «በኮሮናው ጊዜ ነበረን። ያ ካለፈ ወዲህ ግን የጠየቀም የሰጠም የለም» አለኝ። በወጣቱ ላይ የምፈርድበት ምክንያት የለኝም። ትዕግሥቱና ለታማሚዋ የነበረው አክብሮት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ምንም አይደል» ያለው ነገር በእርግጥ ምንም አለመሆኑን ብንመረምር፣ ጉዳዩ እርሱ እንዳሰበው ቀላል ሆኖ አናገኘውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ዓይንና አፍንጫ ጎረቤታሞች መሆናቸው ነው። ለዚህ ማስረጃ ለማግኘት ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሰው ሲያለቅስ አፍንጫው የሚፈሰው፣ የዓይን ጠብታ መድኃኒት ያደረገ ሰውም ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን የሚመርረው በሌላ ምክንያት አይደለም። በዓይናችን ውስጠኛ ማዕዘን በኩል እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርድ ቀጭን ቦይ አለ። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ በሽታ በአፍና በአፍንጫ እንደሚገባ ይሰማል፤ በዓይን በኩል ደግሞ ሳይዘጋ የተተወ ትንሽ በር መኖሩን ግን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው።

ይህን በር ሊቃውንት ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በፊት መርምረውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም.፣ ማለት የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ ገና ሳይጠፋ፣ ማክሲ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የሰዎችን ዓይን ብቻ ገልጦ ተሐዋስያን ያሉበትን ርጭት አሳረፈበት፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ተሐዋስያኑን ከአፍንጫቸው ውስጥ አገኘ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርኤስቪ በሚባለው፣ የሕፃናትን ሳንባ በሚያጠቃው ቫይረስ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቫይረሱ በዓይን በኩል ሲገባ በአፍንጫ የገባውን ያህል ሲያሳምም፣ በአፍ በኩል የገባው ግን ኃይሉ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ አንዳንዱ ቫይረስ ከአፍ ይልቅ ዓይንን የተመቸ መግቢያ ያደርገዋል።

ነገሩ በሙከራ ብቻ የተወሰነም አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የዶሮ ኢንፍሉዌንዛ ተነሥቶ 89 ሰዎች በቫይረሱ መያዛቸው ሲረጋገጥ፣ ከእነዚህ 78ቱ የታመሙት ዓይናቸውን ነበር። ዓይናቸው ቀላ፤ አነባ፤ ቆረቆራቸው። አብዛኞቹ በቀላሉ ዳኑ፤ በሽታ የገባባቸውን የዶሮ እርባታዎች ይጎበኝ የነበረ አንድ የእንስሳት ሐኪም ግን በሳንባ ምች ሞተ። በ2024 እ.ኤ.አ. እንዲሁ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በላሞች መካከል ይሠራ የነበረ ሰው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው፣ ከዓይኑ መቅላት በቀር ሌላ ምልክት አልታየበትም። እንግዲህ የመተንፈሻ አካል በሽታ ሁልጊዜ በሳል አይጀምርም፤ አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው መልእክተኛ ቀይ ዓይን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናስታውሰው የዓለምን ሕዝብ ሁሉ ያስደነገጠውን የኮቪድ ወረርሽኝ ነው። ወረርሽኙ በቻይና በዉሃን ከተማ ሲጀምር፣ ስለ አዲሱ በሽታ ለሥራ ባልደረቦቹ ቀድሞ ያስጠነቀቀው ሊ ወንልያንግ የተባለ ወጣት የዓይን ሐኪም ነበር። ስለ ማስጠንቀቁ ከፖሊስ ተግሣጽ ደረሰበት። ከዚያም ወዲያ የሳልም የትኩሳትም ምልክት ያልታየባትን አንዲት የግላኮማ ታማሚ ሲያክም በሽታው ያዘው፤ ጥር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በ33 ዓመት ዕድሜው ሞተ። በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሁለት የዓይን ሐኪሞች፣ ሜይ ጆንግሚንግና ጁ ሄፒንግም፣ በተከታዩ ወር ተከተሉት። በዚያው ጊዜ ወደ ዉሃን ተልኮ የነበረው የሳንባ ሐኪም ዋንግ ጉዋንግፋ ደግሞ፣ አፍና አፍንጫውን በጠንካራ ማስክ ሸፍኖ ሳለ እንደ ታመመ፣ ያላደረገው የዓይን መከላከያ ብቻ እንደ ነበረና ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑ እንደ ቀላ ራሱ ተናግሯል።

እዚህ ላይ ነገሩን ማጋነን አይገባም። ኮቪድ ከያዛቸው ሰዎች ዓይናቸው የቀላው ጥቂቶቹ ናቸው፤ በእንባ ውስጥም ቫይረሱ የተገኘው በጥቂቶች ላይ ነው። በሽታው በአብዛኛው የሚተላለፈው በምንተነፍሰው አየር ነው። የዓይን ሐኪሙ አደጋም ከሁለት በኩል የሚመጣ ነው። አንደኛው፣ ታማሚው ሲስል ወይም ሲናገር የሚረጨው ነገር በተገለጠ ዓይኑ ላይ ማረፉ ነው። ሁለተኛውና ይልቁንም የከበደው፣ ሥራው ራሱ ከሰው እስትንፋስ ሥር የሚያስቀምጠው መሆኑ ነው። የልብ ሐኪም በማዳመጫው ገመድ ልክ ይርቃል። የዓይን ሐኪም ግን ስሊት ላምፕ በሚባለው መመርመሪያ መሣሪያ ፊት ከታማሚው ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጥ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ክንድ እንኳ አይሞላም። የተቀለበሰ የዓይን ፀጉር በቀዶ ሕክምና የሚያስተካክለው ነርስም በዚያው ቅርበት ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ሌላው ሰው «ራቅ በል» ሲባል መራቅ ይችላል፤ የዓይን ሠራተኛ ግን ከራቀ አያይም፤ ካላየ አያክምም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ወሩ ሳያልቅ በሽታው ወደ አማራ ክልል ደርሶ፣ ከመጋቢት 22 ቀን ጀምሮ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ እንዲቆምባቸው ተደረገ። የዚያን ጊዜዋን ባሕር ዳር ያየ ሰው አይረሳትም። ሰው የሚተራመስባቸው መንገዶቿ ጭር አሉ፤ በየደጃፉ ውሃ ያለበት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ ተቃቅፎ መሳሳም የለመደ ሕዝብ በክርን ሰላምታ መለዋወጥ ጀመረ። በዚያው ወር የዓለም ጤና ድርጅት ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው የመድኃኒት እደላ ዘመቻዎች ለጊዜው እንዲቆዩ መከረ፤ ከእነዚህ አንዱ የዓይን ማዝ፣ ማለት የትራኮማ መድኃኒት እደላ ነበር።

የዚህ መዘግየት ትርጉም ለአማራ ክልል ከባድ ነው። ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ክልል መሆኑ የታወቀ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናት፣ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹን ያህል ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ ከመቶ 11.5 ያህሉን ያመጣው ደግሞ ትራኮማ በብሌን ላይ የተወው ጠባሳ ነው። ሞራውን ገፎ፣ የተቀለበሰውን ፀጉር አቅንቶ ብርሃን የሚመልሰው ባለሙያ ግን ቁጥሩ በጣም አነስተኛ ነው። ለአፍሪካ አገሮች ከሚሊዮን ሰው 4 የዓይን ሐኪም እንዲኖር ዓለም አቀፍ ግብ ተጥሎ ነበር፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገራችን ግን ሐኪሞቿን በመቶ ትቆጥራለች እንጂ በሺሕ አትቆጥርም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ያሉት በአዲስ አበባ ነው። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በጎንደርም የዩኒቨርሲቲው የዓይን ሕክምና ማሠልጠኛ አሉ፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው የገጠሩ ሸክም የሚወድቀው ልዩ ሥልጠና በወሰዱት ነርሶች ላይ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይመርምር። አንድ ሰው ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ፣ ወይም ከደጋው ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ዓይኑን ለማሳየት ሲመጣ፣ ያ አንዱ ነርስ ታሞ ቤቱ ቢውል ማን ያየዋል? ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እንደ ገና ለመምጣትም ስንቅና አጃቢ ያጣል። ባልቴቲቱም ወደ ወረንጧቸው ይመለሳሉ። በሌላ ሙያ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካዋል፤ በዓይን ሥራ ግን ተተኪው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ለአንድ የዓይን ነርስ መነጽር ማቅረብ ለእርሱ የሚደረግ ችሮታ አይደለም፤ ለአንድ ወረዳ ሕዝብ ዓይን የሚደረግ ጥበቃ ነው።

አደጋው ከሐኪሙ ወደ ታማሚውም ይዞራል። አዴኖ የሚባለው ቫይረስ የጉሮሮ ሕመምንና ትኩሳትን ከቀይ ዓይን ጋር አጣምሮ ያመጣል፤ አንዳንዱ ዓይነቱም ብሌንን ራሱን አጥቅቶ ማየትን ለወራት ያደበዝዛል። ይህ ቫይረስ በብዙ አገሮች በዓይን ሐኪም ቤቶች ውስጥ ወረርሽኝ አስነሥቷል። የሚተላለፈውም በሐኪሙ እጅና የዓይንን ግፊት በሚለካው ቶኖሜትር ጫፍ ነው። በዕቃ ላይ ለሳምንታት መቆየት ይችላል፤ በአልኮል ጠረግ ማድረግም ሁልጊዜ አያጠፋውም። ዘጠኝ እጅ ውሃ ከአንድ እጅ በረኪና ጋር ተቀላቅሎ የመሣሪያው ጫፍ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቢነከርበት፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ቢደርቅ ግን ይጠፋል። ብርሃን ፍለጋ የመጣ ሰው ከሐኪም ቤት በሽታ ይዞ እንዳይሄድ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፤ በረኪናም ከማንኛውም ሱቅ የሚገኝ ነገር ነው።

ኩፍኝንም መርሳት አይገባንም። ኩፍኝ ብዙ ሰው የቆዳ በሽታ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በመተንፈሻ አካል የሚገባ ቫይረስ ነው። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ልጁን ያተኩሰዋል፤ ያስለዋል፤ አፍንጫው ይፈሳል፤ ዓይኑ ቀልቶ ብርሃን ይፈራል። በሽታው የያዘው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት በአየሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በምግብ በተጎዳና ቫይታሚን ኤ ባነሰው ልጅ ላይ ሲያርፍ ብሌንን አቁስሎ ለዘለቄታው ያሳውራል። እናት በቀናነት በልጇ ዓይን ላይ የምትጨምረው ያልተመረመረ መድኃኒት ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘው፣ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሁሉ በሁለት ተከታታይ ቀን ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው፣ ዓይኑ ላይ የቫይታሚኑ እጥረት ምልክት ከታየበትም ከሳምንታት በኋላ ሦስተኛ እንዲጨመርለት ነው። በአገራችን ክትባቱ በ9ኛው ወር ይሰጥ ነበር፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በ15ኛው ወር ሁለተኛው ተጨምሯል። ይህን ሁሉ መናገሬ፣ ቀይ ዓይንና ሳል አንድ ላይ ሲመጡ ለነርሱ ምን ያህል ብዙ ነገር ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማሳየት ነው።

የጽሑፌ ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ ከተማ ቀይ ዓይን ይዞ የሚመጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ሐኪሙ ወዲያው ይጠነቀቅ ይሆናል። በእኛ አገር ግን ቀይ ዓይን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። አቧራው፣ የማገዶው ጢስ፣ ዝንቡና የዓይን ማዙ ሁሉም ዓይን ያቀላሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የትኛው ቀይ ዓይን የጉንፋን፣ የትኛው የኩፍኝ፣ የትኛውስ ገና ስም ያልወጣለት የነገ ወረርሽኝ መጀመሪያ እንደ ሆነ በመልኩ ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ነርስ የለም። የሊ ወንልያንግም ታማሚ የበሽታ ምልክት አልነበራትም። ስለዚህ «የሚያስፈራ ታማሚ ሲመጣ እጠነቀቃለሁ» የሚለው ሐሳብ ለዓይን ሥራ አይሆንም። ጥንቃቄው ከእያንዳንዱ ታማሚ ጋር፣ በደኅናውም ቀን ሁሉ የሚደረግ ልማድ መሆን አለበት። ወረርሽኝ ሲነሣ የሚወጣና ሲበርድ ወደ መጋዘን የሚመለስ ከሆነ ግን፣ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል።

ጥንቃቄው ይጠቅማል ወይ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በ16 አገሮች የተደረጉ 172 ጥናቶችን የመረመሩ ሊቃውንት፣ ዓይናቸውን ከከለሉት ሰዎች ከመቶ 6 ያህሉ፣ ካልከለሉት ግን 16 ያህሉ እንደ ታመሙ ጽፈዋል፤ ማስረጃው ገና ጠንካራ አለመሆኑንም ሳይደብቁ ነው። ከዚህ ይልቅ ለእኛ ኑሮ የሚቀርበው የሕንድ ታሪክ ነው። በቼናይ ከተማ 62 የጤና ሠራተኞች ማስክ፣ ጓንትና የጫማ መሸፈኛ አድርገው ቤት ለቤት ሲዞሩ 12ቱ በኮቪድ ተያዙ። ሥራው ቆመና፣ ለቀሩት 50 ሠራተኞች ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ተጨመረላቸው። ከዚያ በኋላ ከፊተኛው እጅግ የሚበዙ ሕመምተኞችን ሲያነጋግሩ አንድ ሰው እንኳ አልተያዘም። አንድ ታሪክ ብቻውን ሕግ አይሆንም፤ ነገር ግን ዋጋው እንዲህ አነስተኛ የሆነ ነገር ይህን ያህል ተስፋ ከሰጠ፣ ሳይሞክሩት መተው ብልህነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «የዓይን መድኃኒት ባጠረበት አገር ስለ መነጽር ታወራለህን?» የሚል ወዳጅ አለኝ። መልሴ አጭር ነው። በስሊት ላምፑ ላይ በታማሚውና በሐኪሙ እስትንፋስ መካከል የሚንጠለጠለው መከለያ፣ ከወፍራም ጥርት ያለ ፕላስቲክ በመቀስ ተቆርጦ የሚሠራ ነው። መከላከያ መነጽሩ በሳሙናና በበረኪና ውሃ እየታጠበ ደጋግሞ ያገለግላል። አንድ ነርስ ለማሠልጠን የወጣው ገንዘብና ጊዜ፣ እርሱ አንድ ሳምንት ቢታመም በቀጠሮ የሚመለሰው ሕዝብ ከዚህ ጋር ሲመዘን፣ ውድ የሚሆነው መነጽሩ ሳይሆን የመነጽሩ አለመኖር ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለበጀት ክፍል የተተረተ ይመስላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከልብ የሚመጣ ስለሆነ በአክብሮት ልመልሰው ይገባኛል። «ሐኪም ፊቱን ከሸፈነ ታማሚው ይቀየማል፤ የተጠየፈው ይመስለዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ የሚያየው የደበዘዘበት ሽማግሌ የሐኪሙን ፈገግታ እንኳ ቢያጣ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን አፍን መሸፈን በእኛ ባህል ንቀት ሆኖ አያውቅም። በትልቅ ሰው ፊት የነጠላውን ወይም የኩታውን ጫፍ ወደ አፉ ሰብሰብ አድርጎ የሚናገር ሰው ጨዋ ይባላል እንጂ ተጠያፊ አይባልም። ይህንኑ የአባቶቻችንን ጨዋነት ወደ ሐኪም ቤት ብናስገባው ምን ይጎዳናል? ወጣቱ ነርስ አስቀድሞ ራቅ ብሎ ቆሞ «እማማ፣ ይህን የማደርገው የእኔ ጉንፋን ወደ እርስዎ፣ የእርስዎም ወደ እኔ እንዳይሻገር ነው» ቢል፣ ቀጥሎም «ሳይዎት ሁለታችንም ዝም እንበል፤ የሚሉኝ ካለ ቀና ስል ይንገሩኝ» ቢል፣ ባልቴቲቱ ይመርቁታል እንጂ አይቀየሙትም።

በዚህ ምክንያት የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። የዓይን ሕክምና የሚሰጥበት ክፍል ሁሉ ማስክና የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ሳሙናና ውሃ፣ በረኪናም እንደ ባትሪና እንደ መድኃኒት ሁሉ በየዓመቱ በቋሚ የግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባለት፤ ከወረርሽኝ እርዳታ አይጠበቅ። መስኮት ያለው ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ የጣና ነፋስ በነፃ የተሰጠን መድኃኒት ነው። የሚያስል ታማሚ በር ላይ ተጠይቆ ማስክ ይሰጠው፤ ሽፍታና ትኩሳት ያለበት ልጅም ከሌሎቹ ሕፃናት ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ አይቀመጥ። ነርሱ ሲያተኩሰው «እሠራለሁ» ብሎ መገኘቱ እንደ ጀግንነት አይቆጠርለት፤ ዕረፍቱ ያለ ደመወዝ ቅነሳ ይሰጠው። በማሠልጠኛ ቤትም ተማሪው የቀዶ ሕክምናን ጥበብ ከመማሩ በፊት ፊቱን መከለልና እጁን መታጠብ ይማር፤ አስተማሪውም ራሱ እያደረገ ያሳየው፤ ወጣት የሚማረው ከሚሰማው ይልቅ ከሚያየው ነውና።

የዛሬ መቶ ዓመት ያለፈውን አንድ ነገር ላስታውስና ልጨርስ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺሕ የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ያ «የኅዳር በሽታ» ያስከተለው ፍርሃት እስከ ዛሬ በልማድ ይኖራል፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሕዝቡ ደጁን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጢሱ ቫይረስን እንደማይገድል፣ እንዲያውም ዓይንን እንደሚያስለቅስ ዛሬ እናውቃለን። ሆኖም በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ይኸውም፣ ሕዝባችን አንድን ጥንቃቄ ከልቡ ካመነበት፣ በሽታው ከተረሳ ከመቶ ዓመት በኋላም ሳያቋርጥ ሊጠብቀው የሚችል መሆኑ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ማስኩን ከፊታችን ያወረድነው ግን ከዚያም አስቀድመን ነበር። ገበያ የሚወጣው ሰው ቢያወርደው አይፈረድበትም፤ ከአንድ ስንዝር ርቀት የሰውን ዓይን የሚያየው ወጣት ግን ዛሬም በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው እስትንፋስ ሥር ተቀምጧል። አባቶቻችን የማይጠቅመውን ጢስ መቶ ዓመት ከጠበቁት፣ እኛ የሚጠቅመውን መነጽር ሦስት ዓመት መጠበቅ ሊያቅተን አይገባም።

በሚቀጥለው ዓመት የግዥ ዝርዝር በፊትህ ሲቀርብ፣ አንተ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ «የዓይን መከላከያ መነጽር» የሚለውን መስመር ለመሰረዝ እስክሪብቶህን ስታነሣ፣ በማተባቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጠሉትን ባልቴት አስታውሳቸው። እርሳቸው ብርሃናቸውን ለዚያ ነርስ አደራ ሰጥተውታል። ነርሱን ደግሞ ለአንተ አደራ ሰጥተውሃል። አደራውንም እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው።